ለጠባብ ሳሎን፣ ለሰፊ ግቢ፦ አሮጌዋ ኒኮር 20 ሚሊ ሜትር

ጅማ ውስጥ ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ትልቁ ፈተና ቦታ ነው። ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ ሽማግሌዎች አንድ ሳሎን ውስጥ ይታጨቃሉ። ወደ ኋላ ልበል ብትሉ ግድግዳ ነው። እኔን የገላገለችኝ የኒኮን ሌንስ የሆነችው ኒኮር 20 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ናት፤ ኤፍ 2.8 የብርሃን ቀዳዳዋ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣች፣ ፎከሷ በእጅ የሚዞር ሌንስ ናት። 94 ዲግሪ ታያለች።

ከሁሉ የምወድላት የፎከስ ቀለበቷን ነው። ለስላሳ ነው፣ ግን አይላላም፤ ጣቴ ያቆመበት ላይ ይቆማል። ደጅ ላይ ቀዳዳዋን አጥብቤ ኤፍ 8 አድርጌ ርቀቱን 2 ሜትር ላይ ካስቀመጥኩት፣ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ሁሉም ጥርት ይላል። ጭፈራው ሲደምቅ ፎከስ ማሳደድ ቀረ! እስከ 25 ሳንቲ ሜትርም ትጠጋለች። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ስታነሱ ቀዩ ፍሬ ከፊት ይገዝፋል፣ የሚያገላብጡት ሴቶች ከኋላ ይታያሉ።

ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነቱ ከዳር እስከ ዳር ገብቶልኛል። ካሜራውን ወደ ላይ ካቀናችሁት ግን ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ይወድቃሉ።

ኤፍ 2.8 ላይ ጥጋጥጉ ይደበዝዛል። ዲ3500ን በመሳሰሉ ትንንሽ የኒኮን ካሜራዎች ላይ ደግሞ ብርሃን አትለካም፣ ምስል መቀበያቸው ስለሚያንስም እይታዋ ይጠባል። ምስል መቀበያው ሰፊ የሆነው ዲ750 ካላችሁ አትለፏት። ስትገዙ ውስጧን በባትሪ እዩ፤ የኛ አገር እርጥበት ሻጋታ ይወዳል።