የኮዳችሁን ዝምድና ለማወቅ ስንት ብር ልታወጡ ነው?

«ይቺን ሜተድ (አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ክፍል) ብነካት የት የት ይበላሻል?» አዳማ ውስጥ የቁጠባና ብድር ወይም የመጋዘን ሲስተም ከሌላ ሰው ተረክቦ የሚጠግን ፕሮግራመር ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ከዚያ ስልክ ይደወልልኛል፦ «በኮዱ መካከል ያለውን ዝምድና፣ የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚጠራና እንደሚጠቀም፣ የሚያወጣ መሣሪያ ፈልጌ ነበር፤ የትኛውን ልግዛ?» ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። በጃቫ የምትሠሩ ከሆነ ጄኪውአሲስታንት (jQAssistant) የሚባለውን ነጻ መሣሪያ አውርዱ፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ከዋጋው እንጀምር። ኮድኪውኤል (CodeQL)፣ የጂትሃብ የኮድ መመርመሪያ፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለክፍት ኮድና ለትምህርታዊ ምርምር በነጻ ይሠራል። ስለዚህ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ክፍት ኮድ ላይ የመመረቂያ ጥናት የምትሠሩ ሳትሳቀቁ ተጠቀሙበት። የደንበኛ ዝግ ኮድ ላይ ግን የጂትሃብ ክፍያ ይመጣል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ዋጋ ኮድ ለሚያስገባ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 30 ዶላር ነው። አምስት ሰው ላለው ቢሮ በዓመት 1,800 ዶላር ማለት ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ዘመን ሂሳብ 102,600 ብር ይሆን ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን እጥፉን አልፎ ሄዷል፤ ዛሬ ከ200,000 ብር በላይ አስቡ። በዚያ ላይ ካርዱን ከየት ታመጣላችሁ? ውጭ ያለ ዘመድ በየወሩ ማስቸገር አለ። ይህን ሁሉ ከፍላችሁ ደግሞ ፒኤችፒ አያነብም።

አንደርስታንድ (Understand) የተባለውን የሚሸጥ መሣሪያ የምመክረው የሲና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ይዞ በጀት ላለው ድርጅት ብቻ ነው። ማን ማንን እንደሚጠራ፣ የትኛው ተለዋዋጭ የት እንደሚነበብና የት እንደሚቀየር ለይቶ ያስቀምጣል። ግን ፈቃዱ በየዓመቱ መታደስ አለበት።

«ክራኩ (ፈቃዱ የተሰበረው ቅጂ) ፍራንኮ አካባቢ በፍላሽ ይሸጣል» የሚሉኝ አሉ። እባካችሁ ተዉት። የአንድ ወዳጄ ቢሮ ሰዎች ከንግድ መሣሪያዎች የአንዱን ክራክ ከአንድ ሱቅ ገዙ። ቫይረስ ቢሆን ኖሮ ፎርማት ተደርጎ ያልቅ ነበር። ችግሩ የከፋው ቅጂው አሮጌ በመሆኑ ነው፤ በጃቫ 16 የጸናውን ሬከርድ (መረጃ ብቻ የሚይዝ አጭር የክላስ አጻጻፍ) አያውቅም። ሬከርድ ያለበትን ፋይል ሲያገኝ ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ ስሕተት የሚል መልእክትም አያወጣም። ግራፉ ላይ «ይህን ክላስ የሚጠቀም የለም» ይላል፤ እነሱም አምነው ክላሱን ሰረዙት። የደመወዝ ሪፖርቱ ቆመ። አዘምኑት እንዳይባል ክራክ አይዘመንም። ዝምድና የሚያጎድል መሣሪያ ጭራሽ ከሌለው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሰው ያምነዋል።

ከኮድ ሰነድ የሚያወጣው ዶክሲጅን ሥዕሉን ከሚስለው ከግራፍቪዝ ጋር ነጻ ነው፤ ዶክሲጅን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የታመነ። ለሰነድ እወደዋለሁ። ነገር ግን የሚሰጣችሁ ሥዕል ነው፣ ሥዕል ደግሞ አይጠየቅም። የኮል ግራፉ (ማን ማንን እንደሚጠራ የሚያሳየው ሥዕል) ምርጫ ከመነሻው ዝግ ስለሆነ እናንተ መክፈት አለባችሁ። አንድ ግራፍ ላይ የሚያሳየውም ካልነካችሁት እስከ 50 ኖድ (ሳጥን) ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ቆርጦ የተቆረጠበትን ሳጥን በቀይ ያከብበዋል። ቀይ ሳጥን ካያችሁ ከጀርባው ያልታየ ዝምድና አለ። ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ ደግሞ መስመሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የሚነበብ ነገር አይቀርም።

ጄኪውአሲስታንት የተለየበት ይህ ነው። የተገነባውን የጃቫ ፋይል አንብቦ ክላሱን፣ ሜተዱንና ፊልዱን ኖድ ያደርጋል፤ መጥራት፣ መውረስ፣ ማንበብ፣ መጻፍ ደግሞ በመካከላቸው ያሉ መስመሮች ሆነው ኒዮ4ጄ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በዳታቤዙ የመጠየቂያ ቋንቋ በሳይፈር ትጠይቁታላችሁ። የወለድ ስሌቷን ሜተድ የሚጠራትን፣ የሚጠራትንም የሚጠራ፣ እስከ ጫፍ አምጣ ብሎ መጠየቅ የአንድ ኳሪ (ጥያቄ) ሥራ ነው። መልሱ በዝርዝር ይመጣል፣ ለደንበኛውም አትማችሁ ትሰጣላችሁ። ኒዮ4ጄ አብሮት ስለሚመጣ ለብቻው መጫን የለም። ዋጋው ዜሮ ብር ነው፤ ኢንተርኔት ባለበት አንዴ አስነሱትና የሚፈልገውን ያውርድ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። የሚያነበው ኮምፓይል የሆነውን (ወደ ማሽን ቅርጽ የተተረጎመውን) ነውና ቢልድ እምቢ ያለ፣ ማለትም መተርጎም ያልቻለ፣ ፕሮጀክት ላይ አይረዳችሁም። ሁለተኛው የበለጠ ያታልላል፦ የወለዱ መጠን በስታቲክ ፋይናል ቋሚ ቁጥር ከተቀመጠ የጃቫ ኮምፓይለር ቁጥሩን ራሱን በየተጠቀሙበት ክላስ ይተክለዋል። ግራፉ ላይ «ይህን ቋሚ የሚያነብ የለም» ተብሎ ይወጣል፣ ኮዱ ላይ ግን በየቦታው አለ። ስለዚህ ቋሚ ቁጥር ስትነኩ ከኳሪው በተጨማሪ ስሙን በጽሑፍ ፍለጋም ፈልጉት። ስፕሪንግ በሚባለው የጃቫ ማዕቀፍ በኤክስኤምኤል የቅንብር ፋይል የተገናኙ ክላሶችንም መስመር አድርጎ አያሳይም። የኤክስኤምኤል ፋይሉን ግን ራሱ ያነባል፤ የክላሱን ስም ከክላሱ ኖድ ጋር የሚያገናኝ አጭር ደንብ ጽፌ የጎደለውን መስመር ጨመርኩበት። ክራክ ላይ ይህ አይሞከርም።

ፒኤችፒ የምትጽፉ ብዙ ናችሁ። ለእናንተ ነጻ የሆነውን የኮድ መመርመሪያ ጆርን (Joern) ሞክሩ፣ ፒኤችፒ ያነባል። ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ ላይ ከሆናችሁ ፋሳድ (ከጀርባው ሌላ ክላስ ያለ አጭር መጥሪያ ስም) በኩል የሚያልፍ ጥሪ ትክክለኛው ክላስ ድረስ ላይደርስ ይችላል፤ ጥሪው የሚፈታው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። ፋሳዶቹን መጀመሪያ በዝርዝር አውጡና ከየትኛው ክላስ ጋር እንደሚገናኙ በእጅ ጻፉ፣ ከዚያ ግራፉን እመኑ።