ማያስቴኒያ ያለባት ነፍሰ ጡር፦ ደብረ ብርሃን ትውለድ ወይስ አዲስ አበባ?

ማያስቴኒያ ግራቪስ ጡንቻን የሚያደክም በሽታ ነው። የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ መዋጥ ይከብዳል፣ ሲብስ መተንፈስም ያስቸግራል።

ደብረ ብርሃን ለሰሜን ሸዋ ሴት ቅርብ ነው። ከመሐል ሜዳ ብትመጣ እንኳ እናቷ አጠገቧ ትሆናለች፤ ገንፎውም አይቀርባትም። በሽታው ከተረጋጋ በምጥ መውለድ ትችላለች። ማያስቴኒያ ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም።

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአልጋው፣ የአስታማሚው ወጪ አይወራ! ግን የነርቭ ሐኪም፣ የመተንፈሻ ማሽንና የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክትትል በአንድ ግቢ የማግኘት ዕድሏ ይሰፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሕፃኑ ነው። በሽታውን የሚያመጣው የእናትየው ፀረ እንግዳ አካል (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚያልፍ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይዝላሉ። መጥባት ያቅታቸዋል፣ ለቅሷቸው ይሰልላል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃቸዋል፤ እስከዚያ ግን የሚከታተል ዓይን ይፈልጋሉ።

ስለዚህ መዋጥ ወይም መተንፈስ የሚያስቸግራት ከሆነ አዲስ አበባ ይሻላል፤ ያውም ቀደም ብላ ገብታ። ምጥ ይዟት በጣርማ በር ጉም ውስጥ መኪና መጠበቅ አያዋጣም። የተረጋጋችዋ ደብረ ብርሃን ትውለድ፣ ሐኪሞቿ አስቀድመው ከተነጋገሩ።

የትም ትውለድ፣ በሽታዋን ገና ስትገባ ትናገር። ለደም ግፊት መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ድካሙን አደገኛ ያደርገዋል፤ ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። የማያስቴኒያ መድኃኒቷን ፒሪዶስቲግሚንን ደግሞ በራሷ አታቋርጥ።