ኦቨርድራይቭ በሐረጎ፦ የእኔ ሰርፍና የወንድሜ ኮሮላ

ደሴ ውስጥ አሮጌ አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ምክር አያጣም። "ሽጠውና ማንዋል ግዛ፣ አውቶማቲክ ዳገት አይችልም" ይሉሃል። እኔ ለወራት ከነዳሁ በኋላ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ማርሽ መቀየሪያው ላይ ያለችውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ካለመንካት ነው።

የእኔ የ1990ዎቹ ሂሉክስ ሰርፍ ነው፣ ባለ 3.0 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ። ወንድሜ የዚያው ዘመን ኮሮላ አለው፣ 1.6 ቤንዚን። ሁለቱም ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ናቸው፤ እየተቀያየርን እንነዳቸዋለን።

ኦቨርድራይቭ የሚባለው አራተኛው ማርሽ ነው። ሰርፉ ሦስተኛ ላይ ሲሆን ሞተሩና ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚወጣው ዘንግ እኩል ይዞራሉ። አራተኛ ሲገባ ዘንጉ ከሞተሩ ይፈጥናል። የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ናፍጣ ይተርፋል። ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። ዘንጉ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት እንደሚዞር ሲታይ፣ የሰርፉ አራተኛ ከ0.70 እስከ 0.75 ባለው ውስጥ ነው፣ የኮሮላው 0.892። ይህን ቁጥር ብቻ ይዞ ማወዳደር ግን ዋጋ የለውም፤ ዙሩን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የዲፈረንሻል ማርሽም ይቆጠራል፣ የኮሮላው ከ3 በታች ሲሆን የሰርፉ 4 አካባቢ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደሴ 2,500 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ኮሮላው ኦቨርድራይቩ ክፍት ሆኖ ሲወጣ መረጋጋት የለውም። አራት ይገባል፣ አቅም ያጥረዋል፣ ወደ ሦስት ይመለሳል፣ ትንሽ ሲፈጥን እንደገና አራት። ይህ ምልልስ የካምቢዮውን ፍሪሲዮኖች (ማርሹን የሚይዙትን ሸራዎች) ይበላል፣ ዘይቱን ያግላል። በካምቢዮው አልፈርድም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ገደማ ያጣል። ሰርፉ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ ስለሚያግዘው ማርሹን ይዞ ይወጣል። እሱንም ቢሆን ዳገቱ ሳይጀምር ኦቨርድራይቩን እዘጋለሁ።

ስትወርዱ ደግሞ ይብሳል። በአራተኛ ከወረዳችሁ ሞተሩ ብዙም አይዝም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ነው። እኔ ዘግቼ እወርዳለሁ፤ ጠበቅ ያለው ቁልቁለት ላይ 2 አስገባለሁ። ፍሬን ሸራ ከካምቢዮ ይረክሳል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የፈላ ፍሬን ይዞ ሐረጎን ይሞክረው!

ዳሽቦርዱ ላይ "ኦ/ዲ ኦፍ" የሚለው መብራት ከበራ ኦቨርድራይቩ ተዘግቷል ማለት ነው። መብራቱ ሲበራ ኦቨርድራይቩ የሠራ መስሏቸው አብርተውት አዲስ አበባ ድረስ የሚነዱ አሉ፣ ከዚያ ነዳጅ በላብኝ ይላሉ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ኮምፒውተሩ ጉድለት መዝግቧል፣ ይታይ። በደሴ የጠዋት ብርድ አራተኛ አልገባ ቢላችሁም አትደንግጡ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ኮምፒውተሩ ይከለክላል።

ከሐርቡ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ሜዳ ክፈቱት፣ ለዚያ ነው የተሠራው። እዚያ ኮሮላው ከሰርፉ ይሻለኛል፤ ቀላል ነው፣ ነዳጅም አይጠጣም። ደሴ እየኖረ በየቀኑ ሐረጎን ለሚመላለስ ግን ሰርፉን እመርጥለታለሁ።

ከሁለቱ አንዱን ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይቱን እዩ። መኪናው ተነድቶ ይሙቅ፣ ሞተሩ እየሠራ ማርሹ ፒ (መቆሚያው) ላይ ይሁን፣ ከዚያ መለኪያውን አውጡ። ቀይ ከሆነ ጥሩ። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ዋጋ መከራከሩን ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።