ዶክሲሳይክሊን ለብጉር፦ ጥሩ መድኃኒት፣ የጎደለ ምክር

የምጽፈው ዶክሲሳይክሊን ስለሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ስለ ባለ 100 ሚሊ ግራሙ ካፕሱል ነው። ለብጉር ታዝዞልኝ በቀን አንድ እየወሰድኩ 3 ወሩን ጨርሻለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ይሠራል። ዋጋውም አይከብድም፤ አብሬው የገዛሁት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከካፕሱሉ ይልቅ ኪሴን ጎድቶታል። ቅር የሚለኝ አሰጣጡ ነው። እንዴት እንደሚዋጥ፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድ፣ መቼ እንደሚቆም ሳይነገረው ስትሪፑን በላስቲክ ተቀብሎ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ደረቱ ተቃጥሎ በሳምንቱ ይጥለዋል፤ ሌላው ፊቱ ስለጠራለት ብቻ ሐኪም ሳያየው ወራት ያስቆጥራል። ሁለቱም የመድኃኒቱ ጥፋት አይደለም።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። የኔ ብጉር ብቅ ብሎ የሚጠፋው ዓይነት አልነበረም። አገጬና መንጋጋዬ ላይ ውስጥ ለውስጥ ያብጣል፣ ትራስ ሲነካው ያማል፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። «ስታገቢ ይጠፋል» የሚሉ አክስቶች አሉኝ። ብራቸውን እየቆጠርኩላቸው «ልጄ፣ ቅቤ ቀንሺ» ያሉኝ እናትም አሉ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በየቀኑ ስትሰሚው ይከብዳል። እሬቱም፣ እርዱም፣ ሎሚውም ተሞክሯል። ሎሚውን ማንም ፊቱን እንዲቀባው አልመክርም፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁሩንም ያባብሰዋል።

ያየችኝ የቆዳ ሐኪም ፊቴን ብቻ ሳይሆን ደረቴንና ጀርባዬንም ተመለከተች። የወር አበባዬን ጠየቀች፣ እርግዝና አለመኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ ሦስት ነገር አዘዘች፦ ካፕሱሉን፣ ጠዋት የሚቀባ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ማታ የሚቀባ አዳፓሊን። «ካፕሱሉ እንግዳ ነው፣ ይሄዳል፤ የቤቱ ሰዎች ቅባቶቹ ናቸው» አለችኝ። ከሰማሁት ምክር ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ምክንያቱን ስታስረዳኝ፣ ዶክሲሳይክሊን በቆዳ ቀዳዳ ውስጥ የሚራባውን ባክቴሪያ ከመግታቱ በላይ መቆጣቱንና እብጠቱን ያበርዳል። ግን ብቻውን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ባክቴሪያዎቹ ይለምዱታል። ኤሪትሮማይሲን የሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ለብጉር የነበረውን ጉልበት ያጣው በዚሁ መንገድ ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን ግን ባክቴሪያዎቹ ሲለምዱት አልታየም፤ ስለዚህ አብሮ ሲቀባ ካፕሱሉንም ይጠብቅለታል። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ነው የሚለው፦ የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ይሁን፣ ጊዜውም ይጠር። ብዙ ሐኪሞች ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ውስጥ ያስቆማሉ።

እናቴ ስትሪፑን ጠረጴዛ ላይ አይታ «ታይፈስ ይዞሽ ነው እንዴ?» ብላ ደንግጣ ነበር። ልክ ነበረች፤ እኛ አገር ይህን መድኃኒት ብዙ ሰው የሚያውቀው በታይፈስ ነው። ለኮሌራም ይሰጣል። ስለዚህ ለፊት ብለን ዝም ብለን የምንውጠው ነገር አይደለም። ነገ ትኩሳት ለያዘው ሰው የሚያስፈልግ መድኃኒት ነው፤ ይህን ሳስብ ያለ ማዘዣ የሚሸጡት ያናድዱኛል።

አሁን ወደ አዋዋጡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብጽፍ አይቆጨኝም። ሃይክሌት የሚባለው የዶክሲሳይክሊን ዓይነት ሲሟሟ አሲድ ነው። ካፕሱሉ ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ እዚያው ሟሙቶ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አልጋ ላይ ሆና በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጣው ተኛች። ለቀናት ምራቋን መዋጥ አቅቷት ነበር፤ ቤተሰቡ የልብ ሕመም መስሎት ሲሯሯጥ ከረመ። መድኃኒቱን የሰጣት መድኃኒት ቤት «ቀን አንድ» ከማለት ሌላ ምንም አልነገራትም። መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወይም ቆሞ፣ ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አለመጋደም። እኔ ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ አደረግሁት፤ ወዲያው የመተኛት ዕድል የለም።

ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል፤ እህል ከቀመስኩ በኋላ ስወስደው ግን ምንም አላለኝም። ታዲያ ከወተት፣ ከእርጎ፣ ከአይብ ጋር አይስማማም፤ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። የአይረን ኪኒንና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ደግሞ ይብሳሉ። የደም ማነስ ኖሮባቸው አይረን የሚወስዱ ሴቶች ብዙ ናቸውና ሁለቱን በሰዓታት ማራራቅ እንዳለባቸው ይወቁ።

የኔ 3 ወር ከዐቢይ ጾም ጋር ተገናኝቶ ነበር። ወተቱ በራሱ ጊዜ ከማዕድ ስለጠፋ ያ በኩል ቀለለኝ። የሚቀረው ሰዓቱ ነው፤ በቀን አንዴ ብቻ ስለሚወሰድ ወደ 9 ሰዓት አዛወርኩት፤ ጾሙን በሽሮ ገድፌ ካፕሱሉን አስከተልኩ። አብራኝ የምትሠራው ሙስሊም ጓደኛዬ በረመዳን ስትወስድ ለሱሁር ተነስታ ልትውጠው አስባ ነበር። ሱሁር በልቶ ተመልሶ የሚተኛ ሰው ግን ያው የጉሮሮው አደጋ አለበት። ፋርማሲስቱ ከኢፍጣር በኋላ ውሰጂው አላት፤ ምንም ሳይሰማት ጨረሰች። ያ ፋርማሲስት ሳትጠይቀው ነው የነገራት፤ ሳላመሰግነው አላልፍም።

ከዚያ ፀሐይ አለ። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ውሸት ነው። ዣንጥላ ይዤ እንኳ፣ ከባጃጁ የወጣው የእጄ ጀርባ ከሰዓት በኋላ ይለበልበኝ ነበር። ክሬም ስትገዙ ጥቁር ፊት ላይ ነጭ ሆኖ የማይቀረውን፣ ቡናማ ቀለም ያለውን ፈልጉ፤ ለጥቁር ምልክቱም የተሻለ የሚከላከለው እሱ ነው። ክሬሙ አቅም ካልፈቀደ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ብዙ ይሠራሉ።

ውጤቱ? የመጀመሪያው ወር ተስፋ ያስቆርጣል። አዳፓሊኑ ፊቴን አደረቀው፣ ላጠው፤ ብጉሩም መውጣቱን አላቆመም። ሁለተኛው ወር ሲጋመስ ግን አገጬ ላይ አዲስ እብጠት እንዳልመጣ ያስተዋልኩት ሌሊት በጎኔ መተኛት ስጀምር ነው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የቀሩት ጥቃቅኖች ነበሩ። ጥቁሮቹ ምልክቶች ግን አሁንም አሉ፤ እየደበዘዙ ነው። ካፕሱሉ እነሱን አያጠፋም፤ ወራት ይፈልጋሉ። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚሉኝን ሰዎች ሳያቸው ብዙ ጊዜ የሚያሳዩኝ ይህንን ጥቁር ነው እንጂ ብጉር አይደለም።

ስለ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ አንድ ነገር፦ ጨርቅ ያነጣል። የነጠላዬ ጥለት አንገቴ በሚነካው በኩል ቀለሙን ለቋል። ነጭ ፎጣና ነጭ የትራስ ልብስ ያዙ።

ሌሎች ሰዎች ጋ የገጠመውም ይጠቅማል። ሜሪላንድ ያለችው የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ የተሰጣት ሚኖሳይክሊን ነበር፤ ከዶክሲሳይክሊን ጋር የአንድ መድኃኒት ቤተሰብ ነው። ራሷን እያዞራት መኪና መንዳት ፈርታ ወደ ዶክሲ ተቀየረላት። ሚኖሳይክሊን ቆዳን ወደ ሰማያዊ ግራጫ የመቀየር ጠባይም ስላለው እኔ ዶክሲን እመርጣለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ በመካከሉ የብልት ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ መጣባት፤ አፍራ ለማንም ሳትናገር ቆየች። አንቲባዮቲክ ጤነኞቹንም ባክቴሪያዎች ሲቀንስ ፈንገስ ይነሳል፤ የታወቀ ነው፣ በቀላሉ ይታከማል። እህቶቼ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ወንድሜ ለጀርባው ወስዶ ጨርሷል፤ ቅባቱን ግን ጀርባው ስለማይደረስለት ተወው፤ ብጉሩም ተመለሰበት።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አትውሰደው። ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅም ለብጉር አይሰጥም፤ የሚያድግ ጥርስን ያበልዛል። ሮአኩታን ተብሎ ከሚታወቀው አይሶትሬቲኖይን ጋር በአንድ ጊዜ አይወሰድም፤ ሁለቱ ተደምረው በጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግፊት ሊያንሩ ይችላሉ። እየወሰዳችሁ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ አቁሙና ያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከመግዛታችሁ በፊት ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ስትሪፑ ላይ እዩ።

አሁን ካፕሱሉን ካቆምኩ በኋላ በቅባቶቹ ብቻ እየቀጠልኩ ነው፤ አንዳንዴ የወር አበባዬ ሲቃረብ አንድ ሁለት ይወጣል፣ ይሄዳል። ለራሴ እንደገና ቢታዘዝልኝ እወስደዋለሁ፤ ያለ ቅባቶቹ ግን አልወስድም።

ይህን የምታነቡ ፋርማሲስቶች ካላችሁ እባካችሁ ስትሪፑን ስትሰጡ «ቀን አንድ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙን። «በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ፣ ከወተትና ከአይረን ለይተው» ብላችሁ ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉልን።