የብስክሌት ፍሬን ላስቸገራችሁ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ሰዎች፦ እኚህን ጋሼ ጥሯቸው

እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። በበረዶ ብስክሌት የምትነዱ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምታውቁኝ እንደምታውቁት ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው፣ በበረዶውም ጭምር። ጎማው ወፍራም የሆነው፣ ፋት ባይክ የሚባለው ዓይነት ነው። 4 ኢንች ስፋት አለው። ነፋሱን ቀነስ ሲያደርጉለት በረዶ ላይ ተደላድሎ ይሄዳል። በነገራችን ላይ ይህን ዓይነት ብስክሌት በ2005 ፑግስሊ በሚል ስም በብዛት ለገበያ ያወጣው ሰርሊ የዚሁ የብሉሚንግተን ድርጅት ነው። በሥራ ቀን ሚድታውን ግሪንዌይ የሚባለውን የሚኒያፖሊስ የብስክሌት መንገድ ይዤ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ፣ ዛፎቹ መሀል።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ደረሰ። ጠዋት ስወጣ የፊት ፍሬኑ እጀታ እስከ መሪው ድረስ ገባ። ደጋግሜ ስጨምቀው ትንሽ ይይዛል፤ ቆይቶ እንደገና ይላላል። የዚያን ቀን ወደ ግሪንዌይ የሚያስገባውን ቁልቁለት ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ወረድኩ። በጣም ነው የፈራሁት።

አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሳይከፍቱት ፍሬኑ ከነቱቦው ይቀየር አሉኝ። ዕቃው እስኪመጣ ደግሞ ሦስት ሳምንት። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ አንዲት ጓደኛዬ «ከመቀየርሽ በፊት ለጋሼ አሳዪያቸው» አለችኝ።

ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ ሶማሌ ተራ አካባቢ ለዓመታት የመኪና ፍሬን የሠሩ ሰው ናቸው። እዚህ ሌላ መደበኛ ሥራ አላቸው። ቅዳሜና እሁድ ግን ቤት ለቤት እየሄዱ ብስክሌት ይጠግናሉ።

ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ብስክሌቱ የት ነው የሚያድረው?» ብለው ነው። በረንዳ ላይ አልኳቸው። «እንግዲያው ዛሬ ቤት አስገቢውና ይሙቅ፤ ነገ እመጣለሁ» አሉ። ፍሬኔ የሚሠራው በሽቦ ሳይሆን በቱቦው ውስጥ ባለ ዘይት ነው። ዘይቱ ሲበርደው ይወፍራል፤ ውስጡ ያለው የአየር አረፋም በቀላሉ አይወጣም።

ባሉት ሰዓት መጡ። ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ነገሩኝ። ወለሉ ላይ ካርቶን አነጠፉ። ከዚያ እጀታውን ጭምቅ አድርገው በገመድ አሰሩትና የቱቦውን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በነጭ ሶፍት ጠረጉ። ሶፍቱ ንጹሕ ነበር። «የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። አየር ገብቶበት ነው። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። እጀታሽ የሚገባው ለዚያ ነው። ምንም የሚቀየር ነገር የለም» አሉኝ። ምን ያህል እንደቀለለኝ አልነግራችሁም።

አንድ ነገር አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል። ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት እጀታው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የኔ ሺማኖ የሚባለው ስለሆነ ሚኒራል ኦይል የተባለውን የፍሬን ዘይት ነው የሚወስደው። ስራም የሚባለው ድርጅት ብዙ ፍሬኖች ደግሞ ዶት 5.1 የተባለ ሌላ ዓይነት ዘይት ነው የሚወስዱት። አንዱን በሌላው ቦታ ከጨመራችሁ የውስጡ ጎሚኒ ያብጥና ፍሬኑ ይበላሻል። ያኔ በእርግጥም ሙሉውን መቀየር ሊመጣ ነው።

ጎማውን አወጡ። ቀጥለው የፍሬን ሸራዎቹን አወጡና በወረቀት ጠቅልለው ሌላ ክፍል አስቀመጡ። ሸራ አንድ ጠብታ ዘይት ከነካው ይጮሃል፤ እንደ ድሮውም አይይዝም። በሸራዎቹ ቦታ ፕላስቲክ ከተቱ። እጀታውን ከወለሉ ጋር ትይዩ አደረጉትና ትንሿን ብሎን በ2.5 ቁልፍ ፈትተው ጽዋ መሰል ማጥለያ ገጠሙበት። ታች ካሊፐሩ (ሸራዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል) ላይ ደግሞ ዘይት የተሞላ ሲሪንጅ በቱቦ አያያዙ። በ7 ቁልፍ ከፈት አድርገው ቀስ ብለው ገፉት። አዲሱ ዘይት ከታች ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን እየገፋ ነው። ማጥለያው ውስጥ አረፋው ብቅ ብቅ ሲል አብሬ ቆጠርኩ። ቱቦውን በመፍቻ እጀታ ቀስ ብለው ይመቱታል፤ የተደበቀው አረፋ እንዲላቀቅ።

ከዚያ «ጭመቂ! ያዢ!» አሉኝ። እኔ እጀታውን ጨምቄ ስይዝ እሳቸው ታች ያለውን ብሎን ለቅጽበት ከፍተው ይዘጉታል። ጋራዥ ደጃፍ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ርገጥ! ያዝ!» የሚለው ነው። ነገሩ አንድ ነው አሉኝ፣ ፔዳሉ በእጅ ሆነ እንጂ።

ደስ ያለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የፊቱን ጨርሰው «የኋላውን አንቺ ትሠሪዋለሽ» አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። የኋላው ቱቦ ረጅም ስለሆነ ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት። አንዴ ብሎኑን ሳልዘጋ እጀታውን ልለቅ ስል እጄን ያዙኝ፤ ብለቀው ኖሮ አየሩ ተመልሶ ይገባ ነበር። አልተቆጡም፣ አልቸኮሉም። አንድ ሰዓት ከግማሽ ፈጀብኝ፤ ለሰዓቱ ተጨማሪ አልጠየቁም።

ሐቀኛም ናቸው። «አየሩ ወጣ ማለት ብርድ አይነካውም ማለት አይደለም» አሉኝ። ሚኒራል ኦይል በኃይለኛ ብርድ ስለሚወፍር እጀታው ሲለቀቅ ቀስ እያለ ይመለሳል። ወደፊት ፍሬን የምቀይር ከሆነ ብርድ የሚችለው ዶት መሆኑን እንዳስብበት ነገሩኝ። እስከዚያ ብስክሌቱ ቤት ውስጥ ይደር ብለዋል፤ እያደረም ነው።

ሲጨርሱ ዲስኩን፣ ሸራዎቹ የሚይዙትን ክብ ብረት፣ በአልኮል ጠረጉ። የወጣውን ዘይት በጠርሙስ ይዘው ሄዱ። በሳምንቱ ደውለው «እንዴት ነው? ይይዛል?» ብለው ጠየቁኝ። ይይዛል! ስድስት ሳምንት ሆነው፣ እጀታው ያው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ያንን ቁልቁለትም አሁን ነድቼው እወርዳለሁ።

ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የሚመጡት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተርና ባትሪ አይነኩም። ስትደውሉ የፍሬኑን ስም አንብባችሁ ንገሯቸው፤ ብስክሌቱንም ከዋዜማው ቤት አስገቡት።

ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። እጅዎ ይባረክ።