«የመብራት መጥፊያ ሙሉ ጥቅል» የሚባለውን የባትሪ ሳጥን አትግዙ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ ሳጥን በብዛት እየተሸጠ ነው። በፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ክዳን አለው፤ ውስጡ ለየዓይነቱ የባትሪ ድንጋይ ተከፋፍሏል። የሪሞቱ፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ የሬዲዮው፣ ራስ ላይ የሚታሰረው ባትሪ ድንጋይ፣ ሁሉም ሞልቶ ይመጣል። «መብራት ቢሄድም አይጨነቁ» ይላል ማስታወቂያው። ዋጋው ድንጋዮቹን ከሱቅ ለየብቻ ብትገዙ ከምታወጡት ግማሹን እንኳ አይሞላም። እኛ ቤት ገብቷል፤ ያለውን ሁሉ እያወጣሁ አይቼዋለሁ። እባካችሁ አትግዙት።

ክዳኑ ላይ በትልቁ «አልካላይን» ተብሎ ተጽፏል፤ ከተራው ይልቅ ብዙ የሚቆየው የድንጋይ ዓይነት ማለት ነው። ድንጋዩን አውጥታችሁ ጎኑን ስታዩ ግን «አር 6» ነው የሚለው። እውነተኛ አልካላይን ቢሆን «ኤል አር 6» ይል ነበር። ቀጭኑም እንደዚያው ነው፤ አልካላይኑ «ኤል አር 03»፣ ተራው «አር 03»። ትልቁ የሬዲዮ ድንጋይ «ኤል አር 20» ወይም «አር 20» ይላል። «ሄቪ ዲዩቲ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁም ጠንካራ ነው ማለት አይደለም፤ ተራው የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ነው። ክብደቱም ያስታውቃል። አልካላይኑ «ኤል አር 6» 23 ግራም ገደማ ሲመዝን ተራው «አር 6» ከ20 ግራም በታች ነው።

ተራው ድንጋይ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ይበቃል፣ ርካሽም ነው። የሚያናድደው በአልካላይን ስም መሸጡ ነው። ብዙ ኃይል የሚፈልግ የእጅ ባትሪ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይደክማል። ለክፉ ቀን ብላችሁ ለዓመታት ብታስቀምጡት ደግሞ ይፈሳል። የውጭ ቀፎው ራሱ ዚንክ ስለሆነ፣ ድንጋዩ በሠራ ቁጥር እየተበላ ይሳሳል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መመለስ ብዙዎቻችን ያደግንበት ነገር ነው። ትንሽ ነፍስ ይዘራበታል፣ እውነት ነው፤ ግን የሳሳው ቀፎ ቶሎ እንዲፈስና ሬዲዮውን እንዲያበላሽ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ኪሳራ ነው። እኔን ያስፈራኝ ሰማያዊዎቹ ቻርጅ የሚደረጉ ሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። 18650 ይባላሉ፤ ወርዳቸው 18፣ ቁመታቸው 65 ሚሊ ሜትር ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ላይ «9900 ኤም ኤ ኤች» ተጽፎባቸዋል፤ ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ የሚነግር ቁጥር ነው። በዚህ መጠን እንዲህ ያለ ባትሪ የለም። በታወቁት አምራቾች ከሚሠሩት ጥሩዎቹ 3500 አካባቢ ናቸው። ጤነኛው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የኛዎቹ በሚዛን 30 እንኳ አልሞሉም። ውስጡ ትንሽ ሴል (ኃይሉን የሚይዘው ክፍል) ተደርጎ ቀሪው ቦታ በዱቄት የሚሞላበት አለ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቶ አዲስ ፕላስቲክ የሚለብስም አለ። ስለዚህ ክብደቱ ደህና ቢሆንም አትመኑት። ቀድዳችሁ ለማየትም አትሞክሩ።

አብሮት የሚመጣው ቻርጀር ሲሞላ የሚያቆም መሆኑን የሚያሳይ ምንም ነገር የለውም። ሊቲየም ባትሪ 4.2 ቮልት ሲደርስ ቻርጁ መቆም አለበት፤ ካላቆመ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። እኛ ደግሞ እንዴት እንደምንጠቀም ታውቃላችሁ። መብራት የለም፤ ሌሊት ሲመጣ ይሞላል ብለን ሰክተነው እንተኛለን። መብራቱ የሚመጣው ሁላችንም እንቅልፍ ላይ ሳለን ነው። ብዙ ጊዜ ፍራሹ አጠገብ ወይም ሶፋ ላይ ነው የምንሰካው። እነዚህን ባትሪዎች ቀድሞ የገዛ ሰው ካለ ሰክቷቸው አይተኛ። ያበጠ ካለ ጨርሶ ቻርጅ አያድርገው።

በዚያው ሳጥን ውስጥ ያሉት፣ «አር 6»ን የሚያክሉት ባለ 1.2 ቮልት ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮችም «4000» ይላሉ። በዚያ መጠን ጥሩ የሚባለው ከ2500 ብዙም አያልፍም። ፓወር ባንክም ላይ ያው ነው። በእጅ ቀለል የሚል «50000» ካያችሁ፣ ያንን ኃይል የሚይዙት ሴሎች ብቻ ከግማሽ ኪሎ በላይ እንደሚመዝኑ አስቡ።

ለሻጩ ደወልኩ። «እህቴ፣ እኛም እንደመጣልን ነው የምንሸጠው» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ስልኩ ተዘጋ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ግን ደረሰኝ ከሌለ ከማን እንደገዛችሁ በምን ታሳያላችሁ? ዴሊቨሪው በር ላይ ቆሞ ሳለ ከፍታችሁ እዩ። ጎኑን አንብቡ። ደረሰኝ ከሌለው መልሱት።

ቀኑንም እዩ፤ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «06-2019» የሚል ድንጋይ በእኛ ቆጠራ ገና የሚቆይ ይመስላል፤ ጊዜው ያለፈው ግን በእኛ 2011 ነው። ከሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ያሉም ወጥተዋል።

ለማስቀመጥ የተለየ ሳጥን መግዛት አያስፈልግም። ድንጋዮቹን ከመጡበት ማሸጊያ አታውጧቸው። አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ በየዓይነታቸው ለዩ፣ የገዛችሁበትን ወር ጻፉ፣ ቀድሞ የተገዛውን ቀድማችሁ ተጠቀሙ። አዲስና አሮጌ አንድ ላይ አታስገቡ። ቦታው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ቀን ከሚግለው ቆርቆሮ ሥር ካለ ቆጥ ላይ አይሁን። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡ፣ እርጥበት ይይዛል። ለመብራት መጥፊያ ያስቀመጣችሁት የእጅ ባትሪ ውስጥ ድንጋዩን አትተዉት፤ አውጥታችሁ አጠገቡ አኑሩት። አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ሁለቱም ጫፎቹ በአንድ ወገን ስለሆኑ ሳንቲም ወይም ቁልፍ ቢነካቸው ይግላል፣ እሳት ሊያስነሳም ይችላል። በፕላስተር ሸፍኑት።

ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም የሚመስሉ ክብ ባትሪዎችም ያለ ማሸጊያ ተበትነው ነው የሚመጡት፤ ክዳኑን ደግሞ ሕፃን ልጅ ይከፍተዋል። ልጅ ከዋጣቸው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ሳጥኑን የገዛችሁ ዛሬውኑ እነዚህን አውጥታችሁ ከፍ ያለ የሚቆለፍ ቦታ አድርጉ። ልጅ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ሩጡ፣ ባትሪ ሊሆን እንደሚችልም በር ላይ ተናገሩ።