የ1939 ሙሉ የሬዲዮ ቀን በኢንተርኔት አርካይቭ፦ ከማውረዳችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ

የድሮ የአሜሪካ ሬዲዮ ወዳጆች ኦክቶበር 30 በመጣ ቁጥር ተዋናዩ ኦርሰን ዌልስ በ1938 በሲቢኤስ የሬዲዮ ድርጅት ያሰማውን የማርስ ወረራ ድራማ ይከፍታሉ (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድራማው ይገባዋል፤ ነገር ግን ተጽፎና ተለማምዶ የቀረበ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ተራው የሬዲዮ ቀን ምን ይመስል እንደነበር መስማት ለሚፈልግ ግን ትልቁ መታሰቢያ ሴፕቴምበር 21 ነው። በ1939 በዚያ ሐሙስ ዋሽንግተን የነበረው የሲቢኤስ ጣቢያ ደብሊውጄኤስቪ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጋር ተባብሮ፣ ከማለዳ መክፈቻው እስከ ሌሊት መዝጊያው ያስተላለፈውን ሁሉ በዲስክ አስቀረጸ። ርዝመቱ 19 ሰዓት ገደማ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የድሮ ቅጂዎች ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ጣቢያው በ1943 ስሙን ደብሊውቲኦፒ አለ፤ በዋሽንግተን አካባቢ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ዛሬ በ103.5 ኤፍኤም የመንገድ መጨናነቅ ዜና የሚሰሙት በዚሁ ስም ነው።

ማለዳ አርተር ጎድፍሬይ ሰዓት እየነገረና ማስታወቂያ እያነበበ ይጀምራል። ቀጥሎ ባለ 15 ደቂቃ ተከታታይ ድራማዎች ይደረደራሉ፤ እውነቱን ለመናገር ሦስት አራቱን የሰማ የቀሩትን ቢዘል አይጎዳም። ከሰዓት በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ኮንግረስ ፊት ቀርበው፣ አውሮፓ ጦርነት ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷን በያዘችበት ጊዜ፣ የጦር መሣሪያ ሽያጭ እገዳው እንዲነሣ ይጠይቃሉ። ያን የመሰለ ንግግር በሳሙና ማስታወቂያና በዋሽንግተንና ክሊቭላንድ የቤዝቦል ጨዋታ መካከል ተቀምጦ መስማት ተቆርጦ ከቀረበ ንግግር ፈጽሞ አይገኝም። የምሽቱ «አሞስ ኤንድ አንዲ» ግን ሁለት ነጮች የጥቁሮችን አነጋገር እያስመሰሉ የሚሠሩት ነው፤ ስድብ መሆኑን አውቃችሁ ክፈቱት።

አሁን ወደ አወራረዱ። ቅጂውን የሚጭኑት ተጠቃሚዎች ስለሆኑ በርካታ ስሪቶች አሉ፣ ጥራታቸውም እኩል አይደለም። መጀመሪያ የፋይሎቹን ርዝመት ደምሩ፤ ከ19 ሰዓት ብዙ ካነሰ የተቆረጠ ነገር አለ። ቀጥሎ የኤምፒ ስሪውን መጠን እዩ። በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሲሆን አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ቀኑ በሙሉ 550 ሜጋባይት ይጠጋል፤ በ128 ኪሎቢት እጥፍ ነው። ለንግግር 64 ይበቃል፤ ካርዳችሁን አትጨርሱ። ድምፁን የምታስተካክሉ ከሆነ ግን ከተገኘው ሁሉ ትልቁን ውሰዱ፤ የተጨመቀ ድምፅ ደግሞ ሲጨመቅ ይበላሻል።

ዋናው ችግር ፍጥነት ነው። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ጣቢያዎች የሚቀርጹበት ባለ 16 ኢንች ዲስክ በአንድ ገጹ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ነበር። ቀኑ ከብዙ ዲስኮች የተገጣጠመ ስለሆነ በየመጋጠሚያው ድምፁ ሊወፍር ወይም ሊቀጥን፣ አንድ ዓረፍተ ነገርም ሁለት ጊዜ ሊሰማ ይችላል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ጸጥ ያለ ቦታ መርጣችሁ ከአናላይዝ ሥር ፕሎት ስፔክትረምን ክፈቱ፣ ሳይዙን 65536 አድርጉ፤ በትንሹ ካያችሁት ልዩነቱ አይታይም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ ከመብራቱ ወደ ቅጂው የገባው እዝዝታ 60 ወይም 120 ላይ መቆም አለበት። 117 ላይ ካገኛችሁት 120ን ለ117 አካፍላችሁ ፍጥነቱን በ1.026 አባዙ። የምትጠቀሙት ቼንጅ ስፒድን (በአዲሶቹ ስሪቶች ቼንጅ ስፒድ ኤንድ ፒችን) ነው፤ ቼንጅ ቴምፖ የድምፁን ቅጥነት አይነካም። እዝዝታው በኋላ ዘመን ሲገለበጥ የገባ ሊሆንም ስለሚችል፣ ካስተካከላችሁ በኋላ የምታውቁት ሰው ድምፅ፣ ለምሳሌ የሩዝቬልት፣ የራሱን መምሰሉን በጆሯችሁ አረጋግጡ።

የጫጫታ ማጥፊያውን ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል አታሳልፉ፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ንግግሩ ውኃ ውስጥ የገባ ያህል ይሆናል። ከ6 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጦ መጣል ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እዚያ ላይ ሽሽ ከሚል ጫጫታ በቀር የሚረባ ነገር የለም።

ቀኑን ሙሉ መስማት የማይችል ከሩዝቬልት ንግግር ይጀምር፣ ሳያቋርጥም እስከ ቤዝቦሉ መጀመሪያ ይቀጥል።